የሦስተኛው ቡድን ሰነድ

አራት ተማሪዎች ናቸው፤ ሰነዱ የሚያሳየኝ ግን ሦስት ቀለም ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጬ የሦስተኛውን ቡድን ሥራ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩበት። ሰማያዊ አለ። ቀይ አለ። ብርቱካናማ አለ። አረንጓዴ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምረው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት ላፕቶፕ መጣለትና ርዕሰ መምህሩ እያንዳንዱ መምህር ቢያንስ አንድ የቡድን ሥራ በኢንተርኔት፣ በጋራ ሰነድ እንዲያሠራ አዘዙ። የጋራ ሰነድ አራት ተማሪ በአራት ቦታ ሆኖ አንድ ገጽ ላይ የሚጽፍበት ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያየዋል፤ ይጨምርበታል፤ ያርመዋል። ማን የቱን ጻፈ፣ ማን የቱን አጠፋ፣ በስንት ሰዓት፣ ሰነዱ ሁሉንም በየስሙና በየቀለሙ መዝግቦ ይይዛል።

እኔን የማረከኝ ይሄ መዝገብ ነው። የቡድን ሥራ ሲባል አንዱ ይለፋል፣ አራቱ እኩል ማርክ ይወስዳሉ። ተማሪ ሳለሁ እኔም ለሰነፎች ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ቂሙ እስካሁን አልለቀቀኝም። ስለዚህ ክፍል ገብቼ ሕግ አወጣሁ። ሥራው ከሠላሳ ይታረማል፤ እያንዳንዱ የሚያገኘው በቀለሙ ልክ ነው፤ ቀለሙ ያልታየ ዜሮ ነው። ማንም መጥቶ ሊያሳምነኝ አይድከም፣ ሰነዱ ራሱ ይናገራል አልኳቸው። ግማሹ ክፍል አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ጎበዞቹ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ሥራው ስለ ቦኖ ውሃ ነበር። አርባ ስምንቱን ተማሪ በአሥራ ሁለት ቡድን ከፈልኳቸው። እያንዳንዱ ቡድን ከከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ የሚወርድ አንድ መንገድ ይይዛል። በመንገዱ ላይ ባሉት አራት ቦኖዎች ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይለካል፤ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ ምክንያቱን ይጽፋል። ምሳሌ እንዲሆናቸው ሰሌዳው ላይ አንድ ቻርት ሣልኩላቸው። ከማጠራቀሚያው በራቅን ቁጥር ውሃው እየደከመ፣ ጀሪካኑም እየዘገየ ይሄዳል፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል።

በሦስተኛው ቡድን ውስጥ ሦስቱ ከሩቅ የሚሰሙ ልጆች ናቸው። አለቃዋ የክፍሉ ተጠሪ ናት፤ ስታወራ ሁሉ ስም የምትጠራ ይመስላል። ካሜራ የሚሉት ልጅ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ እያነሳ፣ ደብተር ሳይገዛ ዓመት የሚጨርስ ነው። ጠበቃው ደግሞ ለግማሽ ማርክ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል፤ ብዙ ጊዜም ይረታል። አራተኛዋን እርሳስ ይሏታል። ቀጭን ናት፤ ጆሮዋ ላይ እርሳስ አይጠፋም፤ በስክሪብቶ ስትጽፍ ያያት የለም። አረንጓዴው ቀለም የእሷ ነበር።

ፈጽሞ ስሟ የለም ማለት ግን አይደለም። መዝገቡን ወደ ኋላ ሳገላብጠው አንድ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ፣ በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜያችን መጨረሻ ላይ፣ ሠንጠረዡንና ከሥሩ ያለውን ገጽ ተኩል ጽሑፍ አጠፋች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ጠበቃው መልሶ አስገባው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራችው ሥራ የሌሎቹን ልፋት ማጥፋት ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ሐሳቤ ምቀኝነት ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳቤ ግን እረፍት ነሳኝ። ልጅቷ ባለፈው ሴሚስተር ሒሳብ ወድቃለች። በእኛ ትምህርት ቤት ሁለት ትምህርት የወደቀ ክፍል ይደግማል። ከሠላሳው ዜሮ ካስገባሁላት ጂኦግራፊ ሁለተኛው ይሆናል። አንድ ቁጥር ጽፌ አንድ ዓመቷን ልወስድባት ነው።

በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ጠየቅኋት። ለምን አልጻፍሽም ስላት ጽፌያለሁ አለች። የት ስላት ደብተር ላይ። ደብተሩን አምጪው ስላት ዓይኗ በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው ሄደ። እዚያ ጠበቃው ከካሜራ ጋር ቆሞ ወደኛ ያያል።

«እሺ፣ የሌሎቹን ሥራ ለምን አጠፋሽ?»

«ትክክል ስላልሆነ።»

«ምኑ ነው ትክክል ያልሆነው?»

ጫማዋን አየች። «ሰነዱ ይናገራል ብለው አልነበር፣ ቲቸር?»

ድምፅዋ ላይ ንቀት የሰማሁ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ንቀት አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ንቀት ነው ብዬ ክፍል ገባሁ።

ሦስቱን ለየብቻ አነጋገርኳቸው። አለቃዋ፣ እርሳስ ጥሩ ልጅ ናት፣ ታይፕ ማድረግ ግን አትችልም አለችኝ። ካሜራ፣ እርሳስ ጥሩ ልጅ ናት፣ ታይፕ ማድረግ ግን አትችልም አለኝ። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እርሳስ ጥሩ ልጅ ናት ብሎ ሲጀምር የቀረውን እኔ ጨረስኩለት። አልሳቀም። ሦስት ሰው በአንድ ቃል ሲመሰክር ዳኛ ደስ ሊለው ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን እነዚህ ልጆች በጠዋቱ ሕንፃው ጀርባ ተሰብስበው ያጠኑት ነገር እንዳለ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ አራቱንም መጠርጠር ጀመርኩ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ምክትሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ይህንን የኢንተርኔት ነገር ከመጣበት ቀን ጀምሮ በክፉ ዓይን ነው የሚያዩት። የራሳቸውን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል፤ የመሳቢያውን ቁልፍ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አስረውታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይወዳሉ። የነገርኳቸውን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል፣ ሕጉን ያወጣኸው አንተ፣ የመሰከረው ያንተ ሰነድ፣ ዜሮዋን ስጥና ተገላገል አሉኝ። ደብተር አለኝ ትላለች አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስማኝ ወንድሜ። ወጣት መምህር ነህ። የሴት ተማሪ ማርክ ከዜሮ ብድግ ሲል ሰው ምክንያቱን ሰነድ ውስጥ አይፈልግም።»

ክፉ ብለው አይደለም፤ ያዩትን ነው የነገሩኝ። ከቢሯቸው ስወጣ ግን ጆሮዬ ግሎ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ልጅቷ ባሰብኩ ቁጥር ሰው ስለ እኔ ምን ያስባል የሚለው ይቀድመኝ ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት አክስቷ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ሜትራቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ እጅጌያቸው ላይ የክር ቁራጭ እንደተለጠፈ ነው የገቡት። ልጅቷን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ክፍል የምትደግም ከሆነ እንደማያስተምሯት፣ ሁለተኛው የስፌት መኪና ባዶ መቀመጡን፣ ይህንንም ለእሷ በግልጽ እንደነገሯት ነገሩኝ። ለማስፈራራት አይደለም፤ ዋጋ የሚናገር ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው ያሉት። የመጡት ግን ስለ ማርኩ አልነበረም። በሩን መለስ አደረጉና ወንበሩን ወደኔ ሳቡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ባለፈው ሳምንት አምስት ቀን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ጀሪካን ይዛ ትወጣለች። ቤታችን ቧንቧ አለን። የምን ቦኖ ነው ስላት ቲቸር አዞኝ ነው አለችኝ።» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እኔ እንግዲህ ልጄ፣ ገልጬ ልንገርህ፤ ወንድ ነው ብዬ ነው የጠረጠርኩት። ከዚያ ደግሞ፣ ይሄ ቲቸር የሚሏት ማነው አልኩ። አንተ ነህ?»

ቅድም «እርስዎ» ያሉኝ የት እንደገባ አላውቅም። ቦኖውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ለአርባ ስምንቱም ተማሪ ነው ያዘዝኩት ብዬ የክፍሉን ዝርዝር አወጣሁላቸው። ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው ስም አነበቡት። ከዚያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አስተካከሉና፣ እንግዲያው ውሃውን ለክታለች ማለት ነው ብለው ተነሡ። አምስት ቀን ጎህ ሲቀድ የወጣች ልጅ ስሟ በሰነዱ ውስጥ ለማጥፋት ብቻ የተገኘው እንዴት ነው?

ሠንጠረዡን እንደገና ከፈትኩት። አራት ቦኖ በአምስት ቀን፣ ሃያ ሣጥን፤ ሁሉም ተሞልቷል። ከሥሩ አማካዩ አለ። አንደኛው ቦኖ ሃምሳ ሰከንድ። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ከሃያ። ሦስተኛው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። አራተኛው ሁለት ደቂቃ ከሃያ። ሐሙስ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን ቻርት ቁርጥ ነው። አሁን ግን ልዩነቱን አሰላሁት። ከቦኖ ቦኖ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሰከንድ። ውሃ እንደ ወታደር ተቆጥሮ አይደክምም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ጀሪካን ተውሼ ወደዚያ መንገድ ሄድኩ። አንደኛው ቦኖ ከማጠራቀሚያው ግንብ ሥር ነው፤ ብዙ ሰው አልነበረበትም። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት። ሦስተኛው ቦኖ ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ደርሷል። ስልኬን አውጥቼ የሰው ጀሪካን ሰዓት ስይዝ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ከውሃ መሥሪያ ቤት ነህ ወይ አለችኝ አንዷ። አይደለሁም አልኳት። ታዲያ ከየት ነህ ስትለኝ መምህር ነኝ አልኩ፤ ይህም አላሳመናትም። ከኋላዋ የቆመችው፣ ቀይ የጎማ ጫማ ያደረገች ሴት፣ ውሃ ሲጠፋ የትም የሉም፣ ሲመጣ ሊለኩት ይመጣሉ ብላ ሰልፉን አሳቀችው። ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጀሪካኑ ሞላ።

አራተኛው ቦኖ ሩቅ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከጀመረ በኋላ ነው የሚገኘው። በሠንጠረዡ መሠረት ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሊፈጅ፣ በሦስተኛው ቦኖ መሠረት ከዚያም ሊብስ ይገባው ነበር። ጀሪካኔን ደቀንኩ፤ ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ጀሪካኑን ከእጄ ሊያስለቅቀኝ ምንም አልቀረውም። አንድ ደቂቃ ከአሥር። አላመንኩም፤ ደፍቼ ልደግም ስል አንዲት አሮጊት በከዘራቸው ጀሪካኔን መታ አደረጉት።

«ልትደፋው? አንተም እንደ ልጅቷ ነህ?»

የትኛዋ ልጅ አልኳቸው። ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካችዋ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት በየጠዋቱ መጥታ የሰው ጀሪካን ስትለካ፣ የሰላይ ልጅ ናት ብለው ሊያባርሯት ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ገልጣ የጻፈችውን ሁሉ ለሰልፈኛው አነበበችላቸው። ሦስተኛው ደካማ ሆኖ አራተኛው ለምን ይበረታል ብላ የጠየቀችው እሳቸውን ነው። ነገሩ ቀላል ነው አሉኝ፤ አምና ለዱቄት ፋብሪካው በወዲያኛው በኩል አዲስ ቧንቧ ሲዘረጉ ይህንን ቦኖ ከዚያ ላይ ቀጠሉት። ከግንቡ የሚወርደው መስመር እዚህ አይደርስም። ልጅቷ ይህንንም ጻፈችው።

«አንተ ግን ምንም ነገር አላሳየኸንም» አሉና ውሃውን ለእሳቸው ጀሪካን እንዳጋባላቸው አዘዙኝ። አጋባሁላቸው።

ሰኞ ጠበቃውን ብቻውን ጠራሁት። ምንም አልጠየቅሁትም፤ ከቦኖዎቹ ያመጣኋቸውን አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ከፊቱ አደረግኩለት። አያቸው። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ጠርዙ የተጠቀለለ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ።

ሁሉንም ነገር ነገረኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይከራከር ተናገረ። ሰፈሩ የእርሳስ ሰፈር ስለሆነ ሄዳ የለካችው እሷ ብቻ ናት። ምክንያቱን የጻፈችውም እሷ ናት። ስልክ የላትም፤ ኮምፒውተር ክፍል ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ቡድን አንድ ላፕቶፕ ነው፤ የመጀመሪያው ረቡዕ አካውንት ስንከፍት አለቀ። ስለዚህ ደብተሯን ወስደው ሦስቱ በስልካቸው ተካፍለው ጻፉት። በቀለም ማርክ ይሰጣል ስላልኩ መስመር ቆጥረው፣ እኩል እኩል ነው የተካፈሉት። ለእሷ መደምደሚያውን ትተውላት ነበር፤ አረንጓዴዋ እንዲታይ። ረቡዕ መደምደሚያውን ልትጽፍ ስትቀመጥ ሠንጠረዡን አየችው። የእሷ ቁጥር አልነበረም፤ ከሥሩ የጻፈችው ምክንያትም ከአዲሱ ቁጥር ጋር እንዲገጥም ተቀይሯል። ምንም ሳትል አጠፋችው፤ ደወሉ ተደወለ።

ቁጥሩን ለምን ቀየርከው አልኩት።

«እርስዎ የሣሉት ቻርት ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የእሷ ሄዶ ሄዶ ይወርዳል። የተሳሳተች መሰለን።»

«አትጠይቁኝም ነበር?»

«ስሕተት ከሆነ ማርክ ይቀንሳሉ። ትክክል ከሆነ ደግሞ…» ትከሻውን ነቀነቀ። «ትክክል ይሆናል ብለን አላሰብንም፣ ቲቸር። ሰሌዳው ላይ ያለው ነው ትክክሉ።»

ደብተሩን የደበቀው እኔ ካየሁት ሦስቱም ዜሮ ስለሚሆኑ ነበር። እሷስ ለምን አልተናገረችም ስለው፣ እኛ ነን የለመንናት አለ፤ መጨረሻ ላይ ቲቸር ማርክ ያካፍሉሻል ብለናት። ይህን ሲል ፊቴን አላየኝም።

ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ማንን ነው የምቆጣው? ቻርቱን የሣልኩት እኔ። ቀለም ካልታየ ዜሮ ያልኩት እኔ። ልጆቹ ያደረጉት እኔን ማስደሰት ነው፤ ያስደሰቱኝም በደንብ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ያንን ሠንጠረዥ ሳይ ጎሽ ብዬ ነበር።

ደብተሩን ይዤ ምክትሉ ዘንድ ገባሁ። ገለጥ ገለጥ አደረጉት። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦኖ፤ ከአራተኛው ቦኖ ጎን ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «ለምን?» የሚል ቃል አለ፤ በማግሥቱ ደግሞ የዱቄት ፋብሪካው ነገር። ምክትሉ ደብተሩን ዘጉት።

«ይሄ ትናንት እሁድ ቁጭ ተብሎ እንዳልተጻፈ በምን አውቃለሁ? እርሳስ ነው። ይጠፋል፣ ይጻፋል። ያንተ ሰነድ ቢያንስ ሰዓት አለው።»

ጠበቃው ጋ ነው የነበረው አልኳቸው። ጠበቃውም ተማሪህ ነው አሉኝ። ሊያናድዱኝ አልፈለጉም፤ እኔ አራት ቀን ሙሉ በልጆቹ ላይ ስሠራበት የቆየሁትን ጥርጣሬ በእኔ ላይ እየሠሩበት ነው። አሮጊቷን እጠራለሁ ለማለት ከጅሎኝ ነበር፤ ቦኖ ላይ ያገኘኋቸው ሴት መስክረውላታል ብዬ የማርክ ሰነድ ላይ ልጽፍ ነው? ምክትሉ ትንሽ አሰቡና ልጅቷን ጥራት አሉ። ደብተሩን ጭናቸው ላይ፣ ከጠረጴዛው በታች ያዙት።

እርሳስ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። እኔን አላየችም። ምክትሉ ቀስ ብለው ነው የጠየቋት።

«ማክሰኞ ሦስተኛው ቦኖ ስንት ፈጀ?»

ሃያ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ማን አለ? ልጅቷ ግን አልተጨነቀችም።

«ማክሰኞ ሦስተኛውን አልለካሁትም። ውሃ ጠፍቶ ነበር።»

ምክትሉ ከጠረጴዛው በታች ገጽ ገለጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እኔ ከደብተሩ ጋር አትሜ ያመጣሁትን የቡድኑን ሠንጠረዥ ወሰዱ። ሠንጠረዡ ላይ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ቦኖ፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ ዘጠኝ ይላል። ደብተሩን አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡት። በደብተሩ ላይ ያ ቦታ አንድ ጭረት ብቻ ነው፤ ከጭረቱ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «የለም»።

ምክትሉ ጭረቱን በጣታቸው ነኩት። በመጨረሻ፣ ሌባ ባዶ ሣጥን አይተውም አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ልጅቷን አሰናበቷት። ለእኔ ደግሞ ማርኩ በደብተሩ እንዲታረም ፈቀዱና ፈረሙ። ግን ሕጉን ያወጣሁት ክፍል ፊት ቆሜ ስለሆነ፣ የማፈርሰውም እዚያው ክፍል ፊት ቆሜ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ኋላ ሰው የሚያወራው እንዳያገኝም በሩ ክፍት ይሁን አሉኝ።

እንደዚያው አደረግሁ። በሩን ከፍቼ፣ ቀለም የሚቆጥረው ሕግ የእኔ ስሕተት እንደነበር፣ ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ቻርትም ለዚያ መንገድ እንደማይሠራ ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ለሦስቱ፣ ታይፕ ስላደረጉ ከሠላሳው አሥር አሥር ሰጠኋቸው። ጠበቃው አሥራ ሁለት ይገባናል ብሎ እጁን አወጣ፤ አለቃዋ ክንዱን ይዛ አወረደችው።

የሌሎቹን ቡድኖች ሰነድ አንድ በአንድ እንደገና ከፈትኩ። ሐሙስ በደስታ ያለፍኳቸው ናቸው። ሰባተኛው ቡድን አራት ቀለም አለው፤ እያንዳንዱ አሥራ አንድ መስመር፣ አንድም አይበልጥ፣ አንድም አያንስ። ዘጠነኛው ደግሞ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት። የነዚህ ደብተር የማን ቦርሳ ውስጥ ይሆን? አሥራ ሁለቱንም ቡድን በየቦኖው ልከተል አልችልም። ለሁሉም የቃል ጥያቄ ቀን ያዝኩ፤ ከዚያ በላይ የማደርገውን አላውቅም።

በሳምንቱ ሐሙስ ከክፍል ስወጣ እርሳስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሃያ ሰባት ማግኘቷን፣ ጂኦግራፊን ማለፏን፣ ክፍል እንደማትደግም ነገርኳት። ይቅርታም ልጠይቃት ጀምሬ ነበር። አልጠበቀችኝም።

«በወረቀት ይጻፉልኝ።»

ማርኩ ገብቷል አልኳት፤ በትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ነው፤ ማንም ሊነካው አይችልም።

«ሰነዱም እንደዚያ ነበር የተባለው» አለች። በቁጣ አይደለም። «አክስቴ ትጠይቀኛለች። ካላነበበች አታምንም። እኔም…» ቀሪውን ተወችው።

ደብተሬን ከፍቼ አንድ ቅጠል ቀደድኩ። የትምህርቱን ዓይነት፣ ማርኩን፣ ማለፏን ጻፍኩ፤ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት። ተቀብላ ግድግዳው ላይ ደግፋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረች። ተማሪዎች በመካከላችን እየተጋፉ ያልፋሉ። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ።

«ቀን አልጻፉበትም፣ ቲቸር።»

ቀኑን ጻፍኩበት።